አስቀድሞ ልኬት፣ ከዚያ ዳይ

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የባለሙያ መልስ

በዚህ የብረት ሥራና የልኬት ዓምዳችን ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው። በውጭ አገር ኢላማ ተኩስ የሚወዳደሩ ዘመዶች ያሏቸው አንባቢዎች፣ እንዲሁም የቶርኖ ባለሙያዎች፣ ለጠመንጃ ጥይት መሙያ ስለሚያገለግለው ዳይ፣ ማለትም ቀለሃው ገብቶ ቅርጽ ስለሚይዝበት የብረት ቅርጽ ማውጫ፣ ጠይቀውናል። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል።

ቃላቱን እናስቀድም። አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፦ የናሱ ቀለሃ፣ በውስጡ ያለው ባሩድ፣ መቀመጫው ላይ የምትገባው ማቀጣጠያ (ፕራይመር)፣ አፉ ላይ የተተከለው አረር። ሲተኮስ ቀለሃው ይነፋና የጠመንጃውን ማጉረሻ ቅርጽ ይይዛል። እንደገና እንዲሞላ ከተፈለገ መጥበብ አለበት፤ ይህን የሚሠራው በፕሬስ፣ ማለትም በመጫኛ መሣሪያ ላይ የሚታሰረው መመጠኛ ዳይ ነው። አዲሱን አረር የሚያስገባው ደግሞ መትከያ ዳይ ይባላል።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ሚኒሶታ ይኖራል። ኤፍ-ቲአር በሚባለው ውድድር በ.308 ዊንቸስተር ጥይት ይተኩሳል። ለልደቱ ጥሩ የዳይ ስብስብ ልገዛለት አስቤ እዚያው ላለችው እህታችን ገንዘብ ልልክ ነው። የትኛው ፋብሪካ ይሻላል? (ሰ.መ.፣ ካዛንቺስ)

መልስ፦ ገንዘቡን ከመላክዎ በፊት ለወንድምዎ ይደውሉና አንድ ቁጥር ይጠይቁ፦ የሞላው ጥይት አንገት (አረሩን የያዘው ጠባብ ክፍል) የውጭ ውፍረቱ ስንት ነው? ዳይ እንደ ጫማ ነው፤ ስሙ የቱንም ያህል ቢገን ልኩ ካልሆነ አይረባም።

ምክንያቱን በቁጥር እናሳይዎት። የ.308 አረር ውፍረቱ 0.308 ኢንች፣ ማለትም 7.82 ሚሊ ነው። የቀለሃው አንገት ግድግዳ 0.015 ኢንች ቢሆን፣ ሁለቱ ግድግዳዎችና አረሩ ሲደመሩ 0.338 ኢንች (8.59 ሚሊ) ይመጣሉ። አረሩን አጥብቆ ለመያዝ አንገቱ ከዚህ 0.002 ኢንች ያህል ቢጠብ ይበቃል፤ 0.336 ማለት ነው። ተራው ዳይ ግን የተሠራው ግድግዳው ስስ የሆነውን ቀለሃ ጭምር እንዲያጠብ ተብሎ ስለሆነ አንገቱን ከሚፈለገው በታች፣ ወደ 0.331 ገደማ ይጨምቀዋል። ከዚያ መሐሉ ላይ ባለው ማስፊያ ኳስ መልሶ ይከፍተዋል። ናሱ ያለ ጥቅም ሁለት ጊዜ ይንገላታል፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ይጣመማልም።

ለዚህ መፍትሔው አንገቱን የሚያጠበው ክፍል ተለዋጭ ቡሽ (ቀለበት መሰል ብረት) የሆነ ሙሉ መመጠኛ ዳይ ነው። ቡሾቹ በ0.001 ኢንች ልዩነት ይሸጣሉ። ከላይ ባለው ምሳሌ የ0.336 እና የ0.335 ቡሽ አብረው ይገዙ፤ ሁለተኛው አንገቱ ጥቂት ጠበቅ እንዲል ሲፈለግ ያገለግላል። የተተኮሰው አንገት በጣም የሰፋ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ 0.344 ከደረሰ፣ ወደ 0.336 በአንድ ምት ማውረድ ጥሩ አይደለም። ከ0.005 ኢንች በላይ በአንዴ ሲጠብ አንገቱ ከቡሹም ልክ በታች ሊወርድና ሊወላገድ ይችላል። ብዙ ተኳሾች በመሐል አንድ የ0.340 ቡሽ ጨምረው በሁለት ደረጃ ይሠሩታል።

ቡሽ ሲታሰር የሚሠራ ስሕተት አለ፤ ላዩ ያለውን ብሎን አጥብቆ መድፈን። ቡሹ ትንሽ መንሳፈፍ አለበት። ዳዩን ጆሮዎ አጠገብ ሲያንቀሳቅሱት ቡሹ ቀጭ ቀጭ ካላለ ብሎኑን በጥቂቱ ያላሉት። የታፈነ ቡሽ የአንገቱን መሐል አያገኝም።

ስለ ፋብሪካ ከጠየቁን፣ ሬዲንግ፣ ፎርስተር፣ ዊደን፣ አርሲቢኤስ፣ ሆርናዲ ሁሉም የሚያስተማምን ዳይ ይሠራሉ። የእኛን ምርጫ ካሉ፣ ወንድምዎ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቀለሃ የሚጠቀም ከሆነ የፎርስተርን ሙሉ መመጠኛ እንመርጣለን፤ ፋብሪካው የዳዩን አንገት ደንበኛው በጠየቀው ልክ ሞርዶ ይሰጣል። አንዴ በልኩ ከተሞረደ አንገቱ ከአካሉ ጋር በአንድ መስመር ላይ ስለሆነ ቡሽ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት እንኳ የለም። የቀለሃ ዓይነት የሚቀያይር ከሆነ ግን ቡሽ ይሻለዋል። ደግሞ ኤፍ-ቲአር የሚፈቅደው .308 ዊንቸስተርንና .223 ሬሚንግተንን ብቻ ስለሆነ ለሁለቱም ዳይ ማግኘት አያስቸግርም።

ጥያቄ፦ ከካናዳ ለዕረፍት መጥቼ ነው። በክለባችን ሁለት ወገን አለ፦ አንገቱን ብቻ አጥብብ የሚል፣ ሁልጊዜ ሙሉውን አጥብብ የሚል። እኔ አንገት ብቻ ነው የማጠበው፤ ከአራተኛው ተኩስ በኋላ ግን ቦልቱ (የማጉረሻው መዝጊያ) አልዘጋ ይለኛል። (ዳ.አ.፣ ስታዲየም አካባቢ)

መልስ፦ ከሁለተኛው ወገን ነን። አንገት ብቻ የሚሉት ሰዎች ሐሳብ ሲታይ ትክክል ይመስላል፦ ቀለሃው የማጉረሻውን ቅርጽ ይዟል፣ ለምን እናበላሸዋለን ይላሉ። ነገር ግን ናስ ከተኩስ ተኩስ እየሰፋና እየደረቀ ይሄዳል። በሦስተኛውና በአራተኛው ላይ ትከሻውም (አካሉ ወደ አንገቱ የሚጠብበት ክፍል) አካሉም ማጉረሻውን ይሞላሉ፤ ቦልቱ በኃይል ይዘጋል። በኃይል የሚዘጋ ቦልት ጠመንጃውን ከድጋፉ ላይ ያነቃንቀዋል፣ ተኳሹም ዓይኑን ከኢላማው ያነሳል። የእርስዎ ችግር ይኸው ነው።

ሙሉውን አጥብቡ ስንል ግን ዳዩን ፕሬሱ ላይ የቀለሃውን ጠርዝ የሚቆነጥጠው ቀለሃ መያዣ ላይ እስኪቆም አሽከርክሩ ማለታችን አይደለም። ትከሻው ወደ ኋላ መመለስ ያለበት 0.001 ወይም 0.002 ኢንች (ከ0.025 እስከ 0.05 ሚሊ) ብቻ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቦልቱን በኃይል እስከሚያስዘጋ ድረስ የተተኮሱ አምስት ቀለሃዎች ይውሰዱ። ፕራይመራቸውን በቅድሚያ ያውጡ፤ ወጣ ብሎ የቀረ ፕራይመር ልኬቱን ያሳስታል። ካሊፐር ላይ የሚታሰር የትከሻ መለኪያ አለ፤ በእርሱ ከመቀመጫው እስከ ትከሻው መሐል ይለኩና ረጅሙን ቁጥር ይጻፉ። ዳዩን ከቀለሃ መያዣው ራቅ አድርገው አስረው አንዱን ቀለሃ ቀብተው ያስገቡ፣ አውጥተው ይለኩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል፤ ቁጥሩ እንደመቀነስ ይጨምራል። መለኪያው አልተሳሳተም። ዳዩ መጀመሪያ የሚነካው አካሉን ነው፤ ጎኑ ሲጨመቅ ናሱ መሄጃ ስለሚያጣ ትከሻውን ወደ ፊት ይገፋል። ዳዩን በጥቂት በጥቂቱ ዝቅ ሲያደርጉት ትከሻው የዳዩን ትከሻ ይነካና ቁጥሩ መውረድ ይጀምራል። ከጻፉት ረጅም ቁጥር 0.002 ሲቀንስ ያቁሙና ዳዶውን ይቆልፉ።

ጥቂት በጥቂቱ ስንት ነው? የዳዩ ጥርስ በኢንች 14 ስለሆነ አንድ ሙሉ ዙር 0.0714 ኢንች (1.81 ሚሊ) ያወርዳል። ስለዚህ 10 ዲግሪ ማለት 0.002 ኢንች ነው። የመቆለፊያ ዳዶው ስፋት 32 ሚሊ ቢሆን፣ በጠርዙ ላይ 10 ዲግሪ 3 ሚሊ አይሞላም። በቀጭን ማርከር አንድ መስመር ዳዶው ላይ፣ አንድ መስመር ፕሬሱ ላይ ያስምሩ፤ ከዚያ በኋላ ዓይንዎ ይበቃዎታል። እጁ ለዚህ የማይታዘዝለት ሰው በ0.002 ኢንች የሚበላለጡ አምስት ቀለሃ መያዣዎች በአንድ ላይ ስለሚሸጡ ዳዩን ሳይነካ መያዣውን ብቻ ይቀያይራል።

ትከሻው ከመጠን በላይ ወደ ኋላ ከተገፋስ? ሲተኮስ ቀለሃው ክፍተቱን ለመሙላት ይለጠጣል፤ የሚሳሳው ደግሞ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው ቦታ ላይ ነው። ከውጭ ሲታይ የሚያብለጨልጭ ቀጭን ቀለበት ይሠራል። አንድ ቀጭን ሽቦ ጫፉን ሹል አድርገው በትንሹ አጥፈው ወደ ውስጥ ያስገቡና ግድግዳውን እየጎተቱ ይሞክሩ። ጫፉ ከመቀመጫው በላይ ቦይ ውስጥ እንደገባ ዓይነት ያዝ ካደረገ፣ ያ ቀለሃ በሚቀጥለው ተኩስ ለሁለት ሊበጠስ ይችላል። ይጣሉት፤ አብረውት የተሞሉትንም አንድ በአንድ ይፈትሹ።

ጥያቄ፦ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቶርኖ ቤት አለኝ። አሜሪካ ያለው ያክስቴ ልጅ ቀለሃ የተጣበቀበት ዳይ ፎቶ ልኮ እንዴት ላውጣው ብሎኛል። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለውን ቡሽ እኔ በቶርኖ ብሠራው ይሆናል? (ማ.በ.)

መልስ፦ ለመጀመሪያው፦ የተጣበቀው ቅባት በማነሱ ነው። ፕሬሱን በኃይል መታገል የቀለሃውን ጠርዝ ቀድዶ ይጨርሰዋል፤ ያክስትዎ ልጅም ፎቶው ላይ ጠርዙ ተቀድዶ ካሳየ ይኸው ደርሶበታል። መጀመሪያ ፕራይመሩ የተተኮሰ ወይም የወጣ መሆኑን ያረጋግጥ። ያልተተኮሰ ፕራይመር ያለበትን ቀለሃ በፍጹም አይብሳ። የመሐሉን ዘንግ ወደ ላይ ፈትቶ የቻለውን ያህል ያውጣ። ዳዩን በሞርሳ ሲይዝ ጥርሱ እንዳይጎዳ የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም መንጋጋ ያድርግበት። የፕራይመሩን ቀዳዳ በ5 ሚሊ መሰርሰሪያ ይብሳ፣ በኤም6 ማስኪዮ ጥርስ ያውጣለት። ከዚያ ከቀለሃው መቀመጫ የሚሰፋ አጭር ቱቦ ዳዩ አፍ ላይ ያቁም፤ በላዩ ወፍራም ሮንዴላ፣ በሮንዴላው መሐል የኤም6 ብሎን። ብሎኑ ሲጠብቅ ቀለሃውን ወደ ውጭ ይስበዋል። ድንገት ጠቅ ብሎ ሲላቀቅ ሊያስደነግጠው ይችላል፤ የተለመደ ነው።

ዳዩን ካጸዳ በኋላ ቅባቱን ያስተካክል። አካሉ ላይ ስስ ሽፋን በጣት፣ አንገቱ ውስጥ በብሩሽ ጭረት ያህል፣ ትከሻው ላይ ግን ምንም። ትከሻው ላይ የተከማቸ ቅባት መሄጃ ሲያጣ ናሱን እንደ መዶሻ ያጎደጉደዋል። ደግሞ ዳዩ ካርባይድ ከሚባለው እጅግ ጠንካራ ቁስ የተሠራ ስለሆነ ቅባት አያሻውም የሚባለውን አይመን፤ ያ የሚሠራው ቀጥ ላለ የሽጉጥ ቀለሃ ነው። አንገት ላለው የጠመንጃ ቀለሃ ካርባይድም ቢሆን ቅባት ይፈልጋል።

ወደ ሁለተኛው ስንመጣ፣ በቴክኒክ ብቻ ብናየው ቅርጹን ማውጣት አያቅትዎትም፤ አስቸጋሪው ልኩ ነው። ቡሹ ከደረቀ ብረት ወይም ከካርባይድ ነው የሚሠራው። በቶርኖ ተቆርጦ ሲጠነከር ልኩ ይዛባል፣ ስለዚህ ከማጠንከሪያው በኋላ ውስጡ ተሞርዶ ነው ወደ ልኩ የሚመጣው። ከዚያም የቶርኖው ቢላዋ የሚተወው ቀጭን መስመር፣ በእጅ ሲነካ የማይታወቀው ጭምር፣ አንገቱን ይጭረዋል። ነገር ግን ከቴክኒኩ በላይ ሕጉ አለ። በአገራችን የጦር መሣሪያና ጥይት ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ነው፤ ያለ ፈቃድ ማምረት የተከለከለ ነው። ለጥይት መሙያ የሚሆን ዕቃ ሥራልኝ የሚል ደንበኛ ቢመጣ ሥራውን አይቀበሉ። ከውጭ በሻንጣ አምጡልን የሚሉ አንባቢዎችም አሉ፤ መልሳችን ያው ነው፣ አይላክ፣ አይምጣ። ይህን ገጽ የምንጽፈው ሥራው በሕግ በተፈቀደበት አገር ለሚኖሩና የብረት ቅርጽ አወጣጥን ለሚያጠኑ ነው።

ጥያቄ፦ 5 ኪሎ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ማስፊያው ኳስ አንገቱን የሚያጣምመው ለምንድን ነው? ኳሱ ክብ፣ አንገቱም ክብ አይደለም ወይ? (ቤ.ተ.)

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለመምህርዎም ያንሱት። ኳሱ የሚሠራው ቀለሃው ከዳዩ እየወጣ ሳለ ነው። በዚያች ቅጽበት ዳዩ አንገቱን ለቆታል፤ ከጎን የሚደግፈው የለም። ቀለሃውን የያዘው ጠርዙን የቆነጠጠው መያዣ ብቻ ነው፣ እርሱም ክፍተት አለው። የአንገቱ ግድግዳ ዙሪያውን እኩል አይደለም፤ ስሱ ጎን ቶሎ ይለጠጣል፣ ወፍራሙ ጎን ይቃወማል። ጉተታው ስለዚህ ወደ አንድ ወገን ያዘነብልና አንገቱ ከአካሉ መስመር ይወጣል። ውስጡ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ፕሬሱ ሲመለስ የሚሰማው ጩኸት የዚሁ ምልክት ነው።

ማንድሬል የሚባለው ዘንግ ግን በሌላ ዳይ ከላይ ወደ ታች ይገባል። ያኔ ቀለሃው በመቀመጫው ሙሉ ተደግፎ ቆሟል፤ ኃይሉ ግፊት እንጂ ጉተታ አይደለም። የግድግዳውን እኩል አለመሆን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ የውስጡ ቀዳዳ ክብ ይሆናል፤ አረሩ የሚነካው ደግሞ ውስጡን ነው። ቡሽ ብቻ ሲሆን ተቃራኒው ይደርሳል፦ ውጩ ክብ፣ ውስጡ ጎርበጥባጣ። ስለዚህ የአንገቱን ግድግዳ እኩል አድርጎ ለማይሞርድ ሰው ምክራችን፣ ከሚፈለገው 0.001 ኢንች የሚያንስ ቡሽ አስቀድሞ፣ በማንድሬል መጨረስ ነው። በርካሽ ዋጋ ደግሞ የሊ ፋብሪካ ኮሌት ዳይ አለ፤ አንገቱን ከውጭ በአራት ጣት ጨምቆ በመሐል ዘንግ ላይ ያስተኛዋል። ቀጥ ያለ አንገት ይሰጣል፤ አካሉን ግን አይነካም፣ ለዚያ ሌላ ዳይ ያስፈልጋል።

ናሱ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው። በተጨመቀና በተለጠጠ ቁጥር ይደርቃል፤ ሲደርቅ ከቡሹ ከወጣ በኋላ ተመልሶ የሚነፋበት መጠን ይጨምራል። በ0.336 ቡሽ የገባ ለስላሳ ቀለሃ ወደ 0.336 ይጠጋል፣ የደረቀው 0.337 ሊል ይችላል። በአንድ ሣጥን ውስጥ ሁለቱ ከተቀላቀሉ አረሩን የሚይዙበት ጥብቀት ይለያያል፣ ኢላማው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች መበተን ሆኖ ይታያል። ለዚህ ነው አንገቱ በእሳት የሚለሰልሰው። መቀመጫው ግን ፈጽሞ መለስለስ የለበትም፤ የ.308 ከፍተኛ ግፊት 62,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው፣ ይህን የሚሸከመው የመቀመጫው ጥንካሬ ነው።

ጥፋቱ የት እንደተፈጠረ ለማግኘት ቀለሃውን በሁለት ቪ-ቅርጽ ድጋፍ ላይ አስተኝተው፣ የዳያል ኢንዲኬተሩን ጫፍ አንገቱ ላይ አድርገው ያዙሩት። አራት ጊዜ ይለኩ፦ እንደተተኮሰ፣ ከተመጠነ በኋላ፣ ከማንድሬሉ በኋላ፣ አረሩ ከተተከለ በኋላ። መርፌው የት ላይ እንደዘለለ ካዩ ጥፋተኛውን ዳይ አገኙት። ሲያልቅ ከ0.003 ኢንች በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ስለ ሙቀት አይጨነቁ፤ የ.308 ትከሻ ከመቀመጫው 41 ሚሊ ያህል ይርቃል፣ ቀለሃው በመዳፍ ተይዞ በ10 ዲግሪ ቢሞቅ የሚረዝመው 0.008 ሚሊ ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ የጓደኛዬ አረሮች ከተተከሉ በኋላ ጫፋቸው ላይ ቀለበት የመሰለ ጭረት ይታያል፤ የጥይቶቹም ርዝመት ይለያያል። መትከያው ዳይ ተበላሽቷል? (ት.ገ.፣ ሜክሲኮ)

መልስ፦ አልተበላሸም፣ ከአረሩ ጋር አልተገናኘም። በዳዩ ውስጥ አረሩን የሚገፋው ዘንግ ጉድጓዱ አጭር ከሆነ፣ ረጅምና ሹል አረር ጫፉ ቀድሞ ግርጌውን ይነካል ወይም የጉድጓዱ ጠርዝ ይቆርጠዋል። ለሹል አረር የሚሆን ዘንግ ፋብሪካዎቹ ለብቻ ይሸጣሉ፤ ሙሉ ዳይ መቀየር የለበትም። የጉድጓዱን ጠርዝ በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ማለስለስም ጭረቱን ያስቀራል።

ርዝመቱን ደግሞ ከጫፍ መለካት ይተው። የኢላማ አረር ጫፉ ክፍት ስለሆነ ከአንዱ አንዱ ይለያል። ካሊፐር ላይ በሚታሰር መለኪያ አረሩ ሙሉ ውፍረቱ ላይ ከሚደርስበት መስመር ይለካ። እንዲያ ተለክቶም ቢለያይ ያኔ ወደ አንገቱ ጥብቀት ይመለስ፤ ጥብቁ አንገት ውስጥ ዘንጉ በበለጠ ኃይል ይገፋል፣ አረሩ ሳይወርድ ይቀራል።

ከርካሹ ስብስብ ጋር የሚመጣው መትከያ ዳይ ውስጡ አፍ የሚያጥፍ እርከን አለው። ዳዩ ከልክ በላይ ከወረደ አፉን ይቆነጥጥና ትከሻውን ወደ ውጭ ያሳብጠዋል፤ ጥይቱ ከዚያ በኋላ ማጉረሻው ውስጥ አይገባም። ባዶ ቀለሃ አስገብቶ እርከኑ እስኪነካ ዳዩን ያውርድ፣ ከዚያ አንድ ሙሉ ዙር ይመልሰው።

ጥያቄ፦ ልጄ ውጭ አገር በ50 ሜትር ጠመንጃ ትወዳደራለች። ለእርሷስ የትኛው ዳይ ይሆናል? (የ.ወ.፣ ፒያሳ)

መልስ፦ ምንም። በ50 ሜትር የሚተኮሰው .22 ሎንግ ራይፍል ፕራይመሩ ለብቻው አይደለም፤ ማቀጣጠያው በቀለሃው ጠርዝ እጥፋት ውስጥ የተሞላ ነው። መርፌው ጠርዙን ጨፍልቆ ነው የሚያቀጣጥለው፣ የተጨፈለቀ ጠርዝ አይታደስም። የልጅዎ ገንዘብ መዋል ያለበት በተለያየ ጊዜ ከተመረቱ ጥይቶች ሣጥን ሣጥን ገዝታ፣ በራሷ ጠመንጃ ከድጋፍ ላይ አሥር አሥር እየተኮሰች፣ በጥብቅ የሚሰበስበውን ከመረጠች በኋላ የዚያኑ ምርት ቁጥር ለዓመቱ የሚበቃትን ያህል በመግዛት ላይ ነው።